በሩን እጅ ንሳ

የእንጨት ሥራ ቤቱ በር ዝቅ ያለ ነው። ግንባሩን ተመትቶ የገባ ሁሉ «በሩን እጅ ንሳ ብለንህ ነበር» ተብሎ ይሳቅበታል። ልማድ ነዋ። ከሁሉም የሚስቀው ደግሞ ሎጋው የሚሉት ረጅሙ አናጢ ነበር።

ሎጋው ከጆሮው ከፍ ብሎ የራስ ቅሉ ላይ ዕጢ አለበት። ሐኪሟ «አጥንቱን በልቶታል፤ ትንሽ እንኳ ከተመታህ ዛሬ ነገ ሳትል ና» ብላዋለች።

አንድ ጠዋት ሳንቃ ተሸክሞ ሲገባ በሩ ያንኑ ቦታ አገኘው። ደም አልወጣም፤ አላበጠም። ጓደኞቹ ሳቁ፣ እሱም አብሯቸው ሳቀ። ከምሳ በኋላ ግን ራሱን ይፈልጠው፣ መዶሻውም ከእጁ ያመልጠው ጀመር።

«ትንሽ ጋደም በል፣ ይተውሃል» አለው አለቃው።

«አይ ጋሼ፣ ሐኪም ሳያየኝ ጎኔን አላሳርፍም።»

ሆስፒታል ደርሶ ዘበኛው «ተራህን ጠብቅ» ሲለው ሎጋው በሽታውን ሊደብቅ አልፈለገም። ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ዕጢ ያለበትን ጭንቅላቴን ተመትቻለሁ» አለ። አስገቡት። ምርመራው ከዕጢው ሥር ደም ፈሶ አንጎሉን እየተጫነው መሆኑን አሳየ። በዚያው ቀን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት።

አገግሞ ሥራ የገባ ዕለት መጋዙን አንሥቶ በቀጥታ ወደ በሩ ሄደ።

«ምን ልትሆን ነው?» አለ አለቃው። «ይህ በር እኮ ከአባቴ ጀምሮ እንዲሁ ነው።»

«አውቃለሁ ጋሼ» አለ ሎጋው፣ የላይኛውን መቃን እየለካ። «ከአባትዎ ጀምሮ እጅ ስንነሳው ኖረናል። ይበቃዋል።»

ከውስጥ የሳቀ አልነበረም። አንዱ ወጥቶ መቃኑን ያዘለት።