የኔታን ከጎን የሣልኩ ዕለት

የልጅ ልጄ ከመዋዕለ ሕፃናት ያመጣችውን ሥዕል እናቷ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋ «እማዬ፣ እዪላት እስቲ» ስትለኝ፣ በከለር የተሞነጫጨረ፣ ወደ አንድ ወገን የዞረ፣ አንድ ዐይን ብቻ ያለው ሰው አየሁና ፊቴን ከሥዕሉ መለስኩ። ልጄ ሥዕሉን የናቅኩ መስሏት አኮረፈች። እኔ ግን በሐሳብ ስማዳ ገብቻለሁ፤ ከወገዳ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ካለው ደብራችን።

በጃንሆይ ዘመን፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ የደብራችንን የመቅደስ ግድግዳ እንዲሥሉ ከእስቴ አንድ ሠዓሊ መጡ። የኔታ እንላቸው ነበር፤ ፊደል ግን አላስቆጠሩንም፤ ያስተማሩን ማየት ነው። እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ የሰፈሩን ልጆች ሰብስበው፣ እርጥብ ጭቃና የተቀቀለ ቆዳ ሙጫ በሚሸት ግድግዳ ፊት ያቆሙንና «እጁን እዩ፤ ፊት ይዋሻል፣ እጅ አይዋሽም» እያሉ፣ እግራችን እስኪዝል የጻድቃኑን ጣት፣ የፈረሱን ኮቴ፣ የልብሱን እጥፋት ያስቆጥሩናል። ጻድቅ ፊቱን ሙሉ ሰጥቶ በሁለት ዐይን ይሣላል፣ ይሁዳና አጋንንት ግን ከጎን፣ በአንድ ዐይን፤ ይህን የነገሩን ዕለት የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አመል አወጣ። ታናሽ ወንድሜ በጎኔ አልተኛም ብሎ በጀርባው እየተንጋለለ ሲያንኮራፋ ቤቱን አስመረረ፤ ጭቃ ሹሙን ደግሞ ሆን ብለን በጎናቸው እየዞርን እናያቸው ነበር።

የቀለሙን ቅል የምይዝላቸው እኔ ስለ ነበርኩ ዘወትር የምቀመጠው በስተቀኛቸው ነው። አንድ እሑድ ለየአንዳንዳችን ቁራጭ ሸማና ከሰል ሰጥተው የምትወዱትን ሰው ሣሉ አሉን። አንዱ በሬውን ሣለ፤ እሱም ሰው ነው ብለው አለፉት። እኔ እሳቸውን ሣልኩ፣ እንደማውቃቸው፣ ከተቀመጥኩበት ሆኜ፤ ጎባጣ አፍንጫቸውን፣ ጥምጥማቸውን፣ ብሩሽ የያዘ እጃቸውን፣ አንድ ዐይናቸውን። ስለ ሌላው ዐይን አላሰብኩም፤ ከእኔ ወገን አይታይማ። እጃቸው ቁርጥ እጃቸውን መስሎልኝ ስለ ነበር ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

ልጆቹ «የኔታን ይሁዳ አደረገቻቸው» ብለው ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። ጨርቁን ይዘው ብርሃን ወዳለበት ደጃፍ ወጡ፣ ቆይተው ተመለሱና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይህን ማን ነገረሽ?» አሉኝ። ሙያውን ማን አሳየሽ ማለታቸው መስሎኝ፣ ደረቴን ነፍቼ «ማንም አልነገረኝ የኔታ፤ ራሴ ነኝ ያየሁት» አልኳቸው።

በማግስቱ ብሩሽ አላነሡም። በሳምንቱ፣ የእመቤታችን ፊት ገና ዐይን ሳይገባለት፣ ቀለማቸውን እንደ ተዘረጋ ትተው ሄዱ። አንዱ በወጣትነታቸው በርስት ጠብ ሰው ገድለው ነበር አለ፣ ሌላው የወለደች ሚስት ጥለው የመጡ ናቸው አለ፤ እውነቱን እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ የማውቀው የተናገርኩትን ነው፤ እሱንም ለእናቴ እንኳ አልነገርኩም።

ያንን ባዶ ፊት ሌላ ሠዓሊ ሳይደፍረው ኖሮ ቤተ ክርስቲያኑ በብሎኬት ሲሠራ ግድግዳው ፈረሰ፤ ጭቃውም ለግቢው መደልደያ ሆነ። አሁን የታተመ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ልጆች በፊቱ ያልፋሉ፣ ቁሙና ጣት ቁጠሩ የሚላቸው የለም። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ በንፋስ መውጫ ሳስተምር አንድም ልጅ ሥዕል ፊት አላቆምኩ። ፈርቼ ነው።

ጎልማሳ ሆኜ፣ የሣልኩት ከተቀመጥኩበት የታየኝን ብቻ እንደ ነበር ልነግራቸው፣ በኋላ ገብተውበታል ወደ ተባለው ገዳም ሄጄ ነበር። የደረስኩት ከሞቱ ሁለት ዓመት አልፎ ነው። ያስታመሟቸው መነኩሴ፣ የኔታ እስኪያልፉ ድረስ ብሩሽ እንዳልጨበጡ፣ ሰው ሊያጽናናቸው ሲሞክርም «ተዉኝ፤ ሕፃን እንኳ አይታኛለች» ይሉ እንደ ነበር አወጉኝ። ከዚያም ይሥሉበት ከነበረው ደብር መምጣቴን ሰምተው፣ ሕፃኒቱን አውቃት እንደ ሆነ ጠየቁኝ።

አላውቃትም አልኳቸው።