ነከሰ እና አነከሰ

ወረታ ባለው ቤታችን አንዲት ክፍል የተከራየ የእንግሊዝኛ መምህር ልጄን ያስጠናታል። ሰሞኑን «ሊምፕ ማለት ማነከስ ነው» ሲላት ሰማሁ። ወዲያው ወደ እኔ ዞሮ፣ «አባባ፣ የእኛው ቃል ከመንከስ የመጣ አይመስልዎትም? እግሩን የተነከሰ ሰው ያነክሳላ!» አለኝ። ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

አምና ከሩዝ ማሳ ስመለስ ባለቤቴ ከደጅ ሆና «ውሻችን አነከሰ!» ብላ ጮኸች። እኔ «ነከሰ» ያለች መሰለኝ። ውሻው ደግሞ እየተንገዳገደ ወደ እኔ ይመጣል። አብዷል ብዬ በያዝሁት ዱላ አናቱን አልሁት፤ በዚያው ቀረ። ኋላ መዳፉን ባየው እሾህ ተሰክቶበታል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ለንስሐ አባቴ እውነቱን ነገርሁ፤ ከቡችላነቱ ያሳደገችውን ልጄን ግን እኔና እናቷ «አብዶ ነው» ብለን ዋሸናት።

«መምህር፣ በእንግሊዝኛውም መንከስና ማነከስ እንዲህ ይመሳሰላሉ?» አልሁት።

«ኧረ በጭራሽ! መንከስ ባይት ነው የሚባለው።»

«እንግዲያ እናቷ በእንግሊዝኛ ብትጮኽ ኖሮ ያን ውሻ በከንቱ ባልገደልሁት» አልሁ፤ ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

መምህሩ የቀለድሁ መስሎት ሳቀ። ልጄ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«አባ፣ አላበደም ነበር?»