በጭነት መኪና የሄደው ስለቴ

በእግሬ ላደርስ የተሳልኩትን ስለት ባሌ በጭነት መኪና አደረሰብኝ። ሌላውን በደል ሁሉ ትቼለታለሁ፤ ይህ ግን ይጻፍልኝ።

በጃንሆይ ዘመን ነው፤ ሰበታ ነበርን። ባሌ እህል ሊገዛ ተጂ ሄዶ ሳለ የመጀመሪያ ልጄን ኩፍኝ ያዘው። «እመቤቴ፣ ይሄን ልጅ ካተረፍሽልኝ ክርስትና ወደተነሳሁበት ወደ ጫንጮ ደብርሽ፣ በእግሬ፣ ብቻዬን፣ ጃንጥላ ይዤልሽ እመጣለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ብቻዬን ያልኩት ጭንቁን የቻልኩት ብቻዬን ስለነበር ነው። ልጁ ዳነ፤ ሳምንት ሳይሞላው ጭቃ ላይ ይንከባለል ጀመር።

ስለቴን ለባሌ ነግሬ፣ ጃንጥላውን ገዝቼ ሳጥኔ ውስጥ አኖርኩና ክረምቱን መንገዴን ሳሰላ ከረምኩ። አዲስ አበባ ገብቶ መውጣት የመኪና መንገድ ነው፤ እኔ ያሰብኩት ከተማውን በስተቀኝ ትቼ፣ በቡራዩ በኩል ዳገቱን ወጥቼ ሱሉልታ መውረድ ነው። ሰበታ ገበያ ቅቤ የምትሸጥ የቡራዩ ሴት ነበረች። ማደሪያ ብጠይቃት «ኮቱ! መነ ኬቲ!» አለችኝ፤ ነይ፣ ቤትሽ ነው ማለቷ ነው። ሱሉልታ ደግሞ እህቷ ዘንድ እንዳድር ነገረችኝ።

«ግን የሱሉልታ ሜዳ ሲደርቅ በጥቅምት ነይ። አሁን ከመጣሽ የምታሳድርሽ እንቁራሪት ናት» ብላ ሳቀችብኝ።

መስከረም ሲጠባ በሶዬን አስፈጨሁ፣ የውሃ ቅሌን አጠብኩ። ይህን ሳሰናዳ ባሌ ከጫንጮ ጤፍ አስጭኖ መጣና «ደስ ይበልሽ፤ ጃንጥላሽን አስገባሁልሽ» አለኝ። ሮጬ ሳጥኔን ከፈትኩ፤ ጃንጥላው የለም።

«ማን ላከህ?»

«እንዳትደክሚ ብዬ ነዋ! ደግሞስ ሴት ብቻዋን ያን ሁሉ ዳገት? ጅቡስ?»

«ጅብ ሰው የሚለየው በሱሪ ነው?»

አማቴ ከመደባቸው ላይ ሆነው «አንቺ ልጅ፣ ስለት ከገባ ገባ ነው። እግርሽን ካሳከከሽ ወንዝ ወርደሽ ውሃ ቅጂ» አሉኝ።

«እማማ፣ እሱ ብቻውን ተፍኪ ድረስ በእግሩ ሲሄድ ‹በሰላም ግባ› ይሉታል። ለእኔ ሲሆን በሩ ምነው ጠበበ?»

«እሺ ሂጂ፤ እኔ እከተልሻለሁ።»

«በየትኛው ጉልበትዎ?»

እሳቸውም ሳቁ፤ እሺ ግን አላሉም። ወሬው ሰፈሩን ሲያዳርስ ጎረቤቴ እንኳ «ውሻዬን ይዘሽው ሂጂ» አለችኝ። ጠባቂ የሚጨምርልኝ እንጂ መንገዱን የሚለቅልኝ ጠፋ።

እሑድ የንስሐ አባታችን ቤታችንን ጠበል ሊረጩ መጡ። ባሌና አማቴ ባሉበት ጠየቅኳቸው።

«አባቴ፣ በእኔ ፈንታ ባሌ ቢጾምልኝ ጾሙ የማን ነው?»

«የሱ ነዋ።»

«እንግዲያው የሱሉልታን ሜዳ በእኔ ፈንታ ማን አቋረጠው?»

ባሌን አዩት፤ አንገቱን ደፋ።

«መኪናው» አሉ፣ ሳቃቸው እያመለጣቸው።

«መኪናው ስለት ነበረበት?»

አማቴ «ቢሆንስ ብቻዋን እንዴት…» ብለው ሲጀምሩ አባታችን መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ።

«የተሳለችው ብቻዬን ብላ ነው። ጃንጥላው ደርሷል፤ እሷ ግን ገና አልደረሰችም። በጥቅምት ትሂድ» አሉ። ከዚያ ወደ ባሌ ዞሩ። «ለአንተም ንስሐ ሰጥቼሃለሁ፤ እስክትመለስ ልጁን የምትይዘው አንተ ነህ፤ ለእናትህ ሰጥተህ መውጣት የለም።»