ዐለት የደረሰ ውሃ

ከኮምቦልቻ በላይ፣ ወደ ቦርከና በሚወርድ ጅረት ዳር ያለው ማሳችን በየክረምቱ ይሸረሸር ነበር። ውሃው ሥሩን ይቦረቡረዋል፣ አፋፉ ይናዳል፣ ማሽላው ከነአፈሩ ይወርዳል። መንግሥት ገበሬውን እየጫነ ወደ ሩቅ አገር በሚያሰፍርበት በሰፈራው ዘመን፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር የሚላኩ ቤተሰቦችን ኮታ መሙላት ነበረበትና እኛን መረጠ። መሬታችሁ አልቋል፣ በሚመጣው ክረምት ቤታችሁም ይሄዳል አለን። ያዘነልን መምሰሉ እስካሁን ያናድደኛል።

አባቴ ዕቃ መሰብሰብ ጀመረ። እናቴ ግን ዲጅኖ ይዛ ጅረቱ ወደቆፈረው ቦረቦር ወረደች፤ እኔም ተከተልኳት። አሸዋውን ጠርጋ ወለሉን ስትመታው ዲጅኖው ነጥሮ ተመለሰ። ዐለት ነው። ጅረቱ ወደ ታች መቆፈሩን ጨርሷል፤ የቀረው ወደ ጎን መብላት ብቻ ነው፤ ጎኑን ደግሞ ድንጋይ ክቦ ማስቆም ይቻላል። ይህን ለሊቀመንበሩ ብንነግረው አልሰማንም።

ለመካብ ሰው ያስፈልጋል፤ ያለ ማኅበሩ ፈቃድ ደቦ መጥራት ደግሞ ያስጠይቃል። እናቴ ታዲያ ዱዓ ጠራች። ዱዓን ማን ይከለክላል? ጎረቤቱ ሁሉ ጫቱን ይዞ መጣ። ሊቀመንበሩም፣ ሊሰልል ይሁን ልማድ ስቦት አላውቅም፣ መጥቶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ዱዓ የሚያደርጉት ሽማግሌ እጃቸውን ዘረጉ።

«ውሃው ዐለቱ ላይ እንደቆመ ይቁም። ይህን ቤተሰብ ከመሬቱ የሚነቅል፣ እሱ ይነቀል።»

ቤቱ በሙሉ «አሚን» አለ። ሊቀመንበሩም ከልጅነቱ እንደለመደው እጁን ዘርግቶ «አሚን» አለ። ፊቱ የተለወጠው ቃሉ ካመለጠው በኋላ ነው። እኔ ሳቄን ለማፈን የሻሼን ጫፍ ነከስኩ።

ከዱዓው በኋላ ሰው ሁሉ ወደ ቦረቦሩ ወርዶ ድንጋይ መካብ ያዘ። ሊቀመንበሩ እናቴን ገለል አድርጎ፣ የሰፈራው መኪና ሐሙስ እንደሚመጣና ስማችን እንዳልተሰረዘ ነገራት። ድምፁ ግን እንደ ቀድሞው አልነበረም።

«ወላሂ፣ እምቢ አልልህም» አለችው። «ብቻ መጀመሪያ አሚንህን መልስ። እነዚህ ሁሉ እየሰሙ መልስና ጫነን።»

ወደ ታች፣ ወደ ሰዎቹ አየ። ፊቱን አዙሮ ሄደ።

ሐሙስ መኪናው መጥቶ ስም ሲጠራ የእኛ አልነበረበትም። በምትካችን የተጫነ ሰውም የለም፤ ኮታው ጎድሎ ሄደ። ያን ቀን ደስ አለኝ፣ ዛሬም ደስ ይለኛል። እናቴ በዚያ ሰዓት ቦረቦሩ ውስጥ ድንጋይ ትክብ ነበር፤ የመኪናውን ድምፅ ሰምታ ቀና እንኳ አላለችም።