በፍልሰታ የማይነፋው ክላርኔት

በማስተምርበት የሙዚቃ ትምህርት ቤት ኮሪደር ላይ አንድ ተማሪ ተራውን ሲጠብቅ፣ ክላርኔቱን አፉ ላይ ሳያደርግ ጣቶቹን ብቻ ሲያለማምድ፣ ቁልፎቹ ከእንጨቱ ጋር እየተጋጩ «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭቀጭ» ይላሉ። ይህን ደረቅ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር የያዝኩትን ትቼ ቀጨኔ፣ ልጅነቴን ያሳለፍኩበት ቤት ውስጥ እገባለሁ። ለሌላው ሰው ቀጭቀጭታ ነው፤ ለእኔ ግን የፍልሰታ ድምፅ ነው።

አባዬ በአንድ ማርሽ ባንድ ውስጥ ክላርኔት ነፊ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ፣ በሐምሌ ዝናብ ከልምምድ ሲመለስ፣ ወደ ቤታችን በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ ጭቃው አንሸራተተው። ሌላ ሰው ቢሆን እጁን ዘርግቶ መሬት ይይዝ ነበር፤ የእኔ አባት ግን የክላርኔቱን ሳጥን በሁለት እጁ እንዳቀፈ በፊቱ ተደፍቶ፣ ሦስት የፊት ጥርሶቹን ድንጋዩ ላይ ትቶ ተነሣ። ሳጥኑን ጭረት እንኳ አልነካውም። እማዬ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ጥርሱን ሰጥቶ እንጨት ያዳነ ሰው እዩልኝ!» እያለች ታስቀን ነበር፤ እሱም አፉን በእጁ ሸፍኖ አብሮን ይስቅ ነበር። ክላርኔት ግን የላይ ጥርስ ካልደገፈው በወጉ አይነፋም፣ ስለዚህ ባንዱ አባዬን ወደ ዕቃ ቤት አዛወረው። ሲያለቅስ አላየሁትም። ክላርኔቱ የግሉ ነበርና፣ ሳጥኑን ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጦ ለረጅም ጊዜ ጀርባውን ሰጥቶን እንደቆመ ግን አስታውሳለሁ፣ አንጀቴን በልቶኛል።

መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲደርቅ፣ አንድ ቅዳሜ ሳጥኑን አውርዶ «ነይማ» አለኝ። ከኋላዬ ቆሞ፣ በሁለት ክንዱ መሀል አስገብቶኝ፣ ጣቶቹን ቀዳዳዎቹ ላይ ደርድሮ «አንቺ ንፊ፣ ሌላውን ለእኔ ተይው» አለ። መጀመሪያ የወጣው ድምፅ የታነቀች ዶሮ ድምፅ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ትንፋሹ የእኔ፣ ጣቱ የእሱ ሆኖ፣ ሁለታችን ተዳምረን አንድ ሙሉ ነፊ ወጣን፤ አንገቴ ላይ የአባዬ ትንፋሽ ሲቆራረጥ ይሰማኝ ነበር፣ ደስታ ይሁን ሌላ አላውቅም። ወሩ ሳያልቅ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያነሣ የእኔን ተካበት።

በጋው የሥራ ወራት ነበር። ሪድ የምንላት፣ ታችኛው ከንፈር ላይ የምትርገበገበው ስስ የሸንበቆ ስንጣሪ እንደ ልብ አትገኝም ነበርና፣ አባዬ አንዷን ለወራት እያጠበ፣ መስተዋት ስባሪ ላይ በላስቲክ አስሮ እያሳደረ፣ ስትወፍርም በምላጭ ጫር ጫር እያደረገ ያቆያት ነበር። ምት መጠበቂያ መሣሪያም አልነበረንም፤ ከግድግዳው ማዶ ግን አንድ ሸማኔ ነበረ፣ መምቻውን «ዷ፣ ዷ» ሲያደርግ እሱን ተከትዬ እነፋለሁ። ሰውዬው ሻይ ለመጠጣት ሲነሣ አባዬም «በቃ አቁሚ፣ አለቃችን ወጥቷል» ይል ነበር።

ሁዳዴ ሲገባ ነገር መጣ። እማዬ በሁዳዴና በፍልሰታ ቤቷ ውስጥ ዘፈን እንዲሰማ አትፈቅድም ነበር።

«ስኬል እኮ የጣት ማፍታቻ ነው፣ ዘፈን አይደለም» አላት አባዬ።

«ታዲያ ቅዳሴ ነው?»

አባዬ ግን የዋዛ ሰው አልነበረም፣ ሌላ ዘዴ ፈጠረ፤ ሪዷን አውልቆ ኪሱ ከተተና «ጣትሽ ይሥራ፣ በልብሽ ዝፈኚ፣ የኖታውን ስም ደግሞ ለራስሽ አንሾካሹኪ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሃምሳ አምስቱን ቀን ሙሉ ቤታችን በቀጭቀጭታ ተሞላ። እሱ ውጭ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ጫማ እየጠረገ፣ በቁልፎቹ ምት ብቻ ስሕተቴን እየለየ «ሁለተኛው መስመር ላይ ቸኮልሽ! ገና ነው፣ ድገሚው!» ብሎ ይጮህብኝ ነበር። እንዴት እንደሚያውቅ ይገርመኝ ነበር፤ አንዳንዴም ሆን ብዬ አጭበርብሬ እሞክረው ነበር፣ አንድ ቀን እንኳ አላመለጥኩትም።

ፋሲካ መጥቶ ክላርኔቱን ስነፋ ግን ጣቴ እንደ ፈረስ ሲጋልብ ከንፈሬ እምቢ አለ፤ አየሩ በአፌ ዳር እየሾለከ፣ ድምፄ እስኪመለስ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ባንድ ውስጥ ጾም ፍስክ ሳይል ሲነፋ የኖረው አባዬም ለካ ይህን አያውቅም ነበር። «ጣት ውለታ አይረሳም፣ ከንፈር ግን ያኮርፋል» አለ። ያኔ ሳቅንበት።

ስንስቅበት ኖረን በሦስተኛው ዓመት ክረምት ዋጋችንን አገኘን። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ የሙዚቃ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናዬ ፍልሰታ በተፈታ በሦስተኛው ቀን ላይ ዋለ። የአባዬ የባንድ ጓደኛ ደግሞ ክላርኔቱን ስጠኝ ማለት ከጀመረ ቆይቶ ነበር። «እንጨት ካልተነፋ ይሰነጠቃል፣ ይሞታል» አለኝ አባዬ፣ ዓይኔን ሳያይ። «ካለፍሽ ያንቺ ነው። ካላለፍሽ ለሚነፋው እሰጠዋለሁ፣ ቃሌን ሰጥቻለሁ።» እኔ እሱን ስሰማ ፈተናውን ረሳሁት፤ ያ ሳጥን ከቤታችን ሲወጣ አባዬ ምን ይሆናል የሚለው ብቻ ያዘኝ።

ጾሙ ሲገባ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እማዬን ሳናስቀይም ወደ ቁስቋም ወጥተን ጫካው ውስጥ እንንፋ» አለኝ። እኔም እምቢ አልኩ። የሠፈሩ ልጅ ሁሉ ይጾም ነበር፣ በየቀኑ መድኃኔዓለም እናስቀድሳለን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አንቀምስም፤ እኔም አፌን ከእህልም ከዘፈንም ይዣለሁ ብዬ ነበር። በዚያ ላይ ግትር ነኝ፣ ዛሬም አልለቀቀኝም። አባዬ አየኝና «እንግዲህ እንደ ፍጥርጥርሽ» ብሎ ሪዷን ኪሱ ከተተ። አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ እኔም ቁልፎቹን ስቀጠቅጥ ከረምን።

የፈተናው ቀን ሦስት መምህራን ረጅም ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል፣ በሩ ገርበብ ብሏል፣ አባዬ ውጭ ባርኔጣውን ጨብጦ ቆሟል። የመጀመሪያውን መስመር አሳምሬ ነፋሁ። ሁለተኛውንም ሳልቸኩል አለፍኩ። ሦስተኛው ላይ ከንፈሬ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ አየሩ ሾለከ፣ ክላርኔቱ «ሲጢጥ» አለና ጸጥ አለ። ጉድ ፈላ! አንዲት መምህርት እስክሪብቶዋን አነሣች። ጣቶቼ ግን ከንፈሬን አልጠበቁትም፤ አሥራ አምስት ቀን እንደለመዱት መሄዳቸውን ቀጠሉ፣ እኔም አፌን ከክላርኔቱ አላቅቄ የኖታዎቹን ስም በየድምፃቸው እየዘመርኩ፣ ቁልፎቹም «ቀጭቀጭ» እያሉ፣ አንድ ምት ሳላዛንፍ እስከ መጨረሻው ዘለቅሁ።

ወፍራም መነጽር ያደረጉት ሽማግሌ መምህር «ለምን መንፋቱን ተውሽው?» አሉኝ።

«ከንፈሬ ደከመ። ፍልሰታ ስለነበረ ሳልነፋ ከረምኩ።»

«ሳትነፊ ታዲያ ይህን ማን አስተማረሽ?»

«አባቴ። በሩ ላይ ናቸው።»

ሽማግሌው ገርበብ ባለው በር በኩል አባዬን አዩትና ወደ ባልደረቦቻቸው ዞረው፣ «ከንፈርን እኛ በአንድ ወር እንሠራዋለን፤ ይሄን ግን ከየት እናመጣለን?» እያሉ ጆሯቸውን ነካ ነካ አደረጉ።

ውጤቱ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ አባዬ ስሜን ሦስት ጊዜ በጣቱ እየተከተለ አነበበው። እማዬ እዚያው አስፋልቱ ላይ እልልታዋን አቀለጠችው፣ መንገደኛው ሁሉ ሠርግ መሰለው። አባዬ ሳጥኑን ከብብቱ አውጥቶ አስታቀፈኝ። እንኳን ደስ ያለሽ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ «ገና ነው» አለኝ። ስመረቅም «ገና ነው» አለ፤ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስይዝም እንዲሁ።

ያኔ አንዷን ሪድ ለወራት እናኖራት ነበር፤ ዛሬ በመሳቢያዬ ውስጥ በሳጥን ተደርድራለች። ያኔ ሸማኔው ሻይ ሲጠጣ ምታችን ይቋረጥ ነበር፤ ዛሬ ምቱ ስልኬ ውስጥ ነው፣ ሻይም አይጠጣም። የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎቼ ከእኔ ልጅነት ይልቅ ሺህ ጊዜ የተመቻቸ ነገር አላቸው፣ ጎበዞችም ናቸው፣ እመሰክራለሁ። በየዓመቱ አንድ ሳምንት ሪዳቸውን ስሰበስብባቸው ግን «ቲቸር፣ ሳይነፋ ምን ትምህርት አለ?» እያሉ ያጉረመርማሉ። እኔም ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ስሕተታቸውን በበሩ በኩል ስጠራላቸው እንደ ጠንቋይ ያዩኛል።

አባዬና እማዬ አሁን ሸጎሌ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አብረውኝ ይኖራሉ። አባዬ ሰው ሠራሽ ጥርስ አስገብቷል፣ ለመብላት እንጂ ለመንፋት አይሆነውም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወደ ሳጥኑ ይሄድና «ቲቸር፣ ይፈቀድልኛል?» ይለኛል፤ ከዚያ ሳሎን ተቀምጦ፣ ያለ ትንፋሽ፣ ያንኑ የፈተናዬን ዜማ በጣቱ ይለዋል። ባለፈው እሑድ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ ስሰማው ቁልፎቹ ተደራረቡ። ጣቶቹ እርጅና ገብቷቸው እንደ ድሮው አይታዘዙትም፤ ማለፍ ይቻል ነበር፣ ልተወውም አስቤ ነበር። ግን እሱ አንድ ቀን እንኳ ስሕተቴን አልፎልኝ አያውቅም።

«አባዬ፣ ሁለተኛው መስመር ላይ ቸኮልክ! ገና ነው፣ ድገመው!»

እማዬ «እሰይ! የእጅህን አገኘህ!» ብላ ሳቀች። አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ወንበሩን አስተካከለ፣ ከዚያም ከሁለተኛው መስመር ጀምሮ ቀስ ብሎ ደገመው።