የዋኘው ዘንዶዎች ዘመቻ

ዋኘው ልጅ ሳለ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ፣ ሰው ሁሉ ግድግዳው ላይ ያለውን ፈረሰኛ ቅዱስ ሲሳለም እሱ የሚያየው ከፈረሱ ኮቴ ሥር የተረገጠውን ዘንዶ ነበር። ጦር ጉሮሮው ውስጥ ገብቶ ዓይኑ የፈጠጠው ያ ዘንዶ ያሳዝነው ነበር። ይህን ለማንም ትንፍሽ አላለም፤ ምን ብሎስ ይናገረዋል? አድጎ ለአንድ ሠዓሊ ቀለም በጥባጭ ከሆነ በኋላም ብሩሽ እጁ በገባ ቁጥር የዘንዶውን ቅርፊት አንድ በአንድ ያሳምር ነበር። ሠዓሊው «አንተ ልጅ፣ ለማን ነው የምታደላው?» እያለ ይቆጣዋል።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተጭኖ አሶሳ የወረደው ይህ ሰው ነው። ተጫነ እንጂ ሄደ አይባልም። መጠለያ ጣቢያው ውስጥ የዝናሽ የምትባለው ሚስቱ ውሃ ልትቀዳ ሄዳ ሳለች እሱን አንዱ መኪና ላይ አወጡት። «ሚስቴ» ሲል «እዚያ ትገናኛላችሁ» አሉት። «እዚያ» የሚባለው ቦታ አንድ ብቻ መስሎት አመነ። ከአሶሳ ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቀው የሠፈራ መንደር ስምንት ወር ሙሉ መኪና በመጣ ቁጥር እየሮጠ ፊት ለፊት ሲያይ ኖረ። በመጨረሻ አንድ ሾፌር ወሬ አመጣለት፤ የዝናሽ በሕይወት አለች፣ ፓዌ ሠፈራ ናት፣ ትጠብቅሃለች።

ከዚያ ወዲያ ዋኘው ከዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ የይለፍ ወረቀት። ያለ ወረቀት ከመንደሩ የወጣ ኮብላይ ነው፣ ኮብላይ ደግሞ የት እንደሚገባ ሁሉም ያውቃል። የመንደሩ ካድሬ «ጠባይህን አሳምር፤ አረሙ ይለቅና አዲስ ዓመት ሲቃረብ እሰጥሃለሁ» አለው። ዋኘውም አሳመረ። ስብሰባ ላይ ንግግሩ ሳይጀመር የሚያጨበጭብ ሰው ቢኖር እሱ ነበር።

ዋኘው የፈጠረው ጨዋታ የመጣው በሰኔ ነው። ለአዲስ ማሳ ቀርከሃ ሲመነጥሩ አንድ ግንድ የሚያህል ዘንዶ ወጣባቸውና በመጥረቢያ ገደሉት። ማር ይዞ ወደ መንደሩ የሚመላለሰው ባቢከር፣ የአካባቢው ተወላጅ የበርታ ሰው፣ ሬሳውን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ወላሂ ጥሩ አይደለም። ዘንዶ እዚህ ተወለደች፣ እዚህ ኖረ። እናንተ ትናንት መጣ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ዋኘው ግን ቃሉን ይዞ ጎጆው ገባ። እሁድ ከሰዓት የእርዳታ ዱቄት የመጣበትን ጆንያ ተርትሮ ዘረጋ፣ በከሰል ተራራና ወንዝ ሳለበት፣ ከዚያም ሦስት ሰዎች ጠራ። «ዛሬ ዘንዶ ገዳይ የለም። ዘንዶዎቹ እኛ ነን» አላቸው።

ሦስቱ እነማን ነበሩ? አንዱ ባቢከር ነው፤ የመጫወቻ ዘንዶዎቹን ከቀርከሃ ሥር የቀረጻቸው እሱ ነው። ሁለተኛዋ ተሻለች ናት፣ ምላሷ የማይችለው ነገር የሌለ ባልቴት። ሦስተኛው ምንውየለት ነው። ምንውየለት ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን በድርቁ ቀብሮ የመጣ ሰው ነው። መኪናው ላይ ከዋኘው ጋር አንድ ብርድ ልብስ ተካፍለው መጡ፣ አንድ ጎጆ ውስጥ ገቡ። ወባ የጣለው ጊዜ ዋኘው ዘጠኝ ቀን ሙሉ ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ እያበረደ አስታሞታል። ወንድም ቢኖረው ከዚህ በላይ አይሆንለትም ነበር።

ደንቡን ማውጣቱ ግን ዋኘውን አስጨነቀው። ዘንዶ ይበራል፣ እሳት ይተፋል፤ ታዲያ ምን ያስፈራዋል? የማይፈራ ደግሞ ምን ጨዋታ አለው? አረም እየነቀለ ሲያስብ ሰንብቶ መላ አገኘ። ዘንዶ በተፋው እሳት ልክ የገዛ ጫካው ይቃጠላል፤ ስለዚህ ከመተንፈሱ በፊት ማሰብ አለበት። ተራው የደረሰው አምስት የበቆሎ ፍሬ ይወረውራል፤ ፍሬዎቹ ባንድ ወገናቸው በከሰል ጠቁረዋል። አምስቱም ጥቁር ከሆኑ ያሰበው ይሳካል፣ አንድም ጥቁር ካልወጣ ጉድ ይፈላል፤ በመካከል ያለውን ግን ተራኪው አስቦ ይናገራል። ተራኪው ዋኘው ነው።

በዚያ ዘመን ዘመቻ ያልሆነ ነገር አልነበረም፤ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ የአረም ዘመቻ፣ የዝንብ ማጥፋት ዘመቻ እንኳ ነበር። ዋኘውም ጨዋታውን «ዘመቻ» አለው፤ ባንድ እሁድ የማያልቅ፣ ክረምቱን ሙሉ የሚዘልቅ። ጎርፍ ከአንድ ተራራ የበተናቸው ዘንዶዎች ወደ ዋሻቸው የሚመለሱበትን መንገድ ይፈልጋሉ። ለእያንዳንዱ ዘንዶ ዋኘው የመንገዱን አንድ ቁራጭ በጆሮው ነገረው። ለተሻለች የነገረው ሌላ፣ ለባቢከር ሌላ ነው። ለምንውየለት ደግሞ «መሻገሪያው ከቀርከሃው ጀርባ ነው፤ ሁለቱ ጅረቶች የሚገናኙበት፣ ነጩ ድንጋይ ዘንድ» አለው። የጨዋታውን ታሪክ በሚጽፍበት ደብተር ላይ ይህን አላሰፈረውም። ተሻለች ደብተሩን ሰርቃ ስታነብ አንዴ ይዟታል።

ምን ያህል እንደወደዱት! ተሻለች ዘንዶዋን ጭራሽ አታዋጋም፤ ጎረቤት ዘንዶዎችን ትሳደባለች እንጂ። ባቢከር አንዲት ዛፍ ከምትቃጠልበት ተራውን ያሳልፋል። ምንውየለት፣ ከልቅሶ በቀር ድምፁ የማይሰማው ሰው፣ ጆንያው ፊት ሲቀመጥ እየጮኸ ይስቅ ነበር። ዋኘው ይህን ሲያይ ደስ ይለዋል፤ ስሄድ ጨዋታው ይቀርለታል ብሎ ያስባል። እንዲያውም «ወረቀቴ ሲወጣ ተራኪው አንተ ነህ» ብሎታል። ምንውየለት ዘንዶውን ከጆንያው ላይ አነሣና በመዳፉ ጨበጠው።

ጳጉሜን ገባ። ዘር ጭኖ ፓዌ የሚሄድ መኪና ሐሙስ ይነሳል ተባለ። ዋኘው ሸሚዙን አጥቦ ቢሮ ሲገባ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ማኅተሙ ሳይቀር አርፎበታል። የገዛ ስሙን ከበር ላይ ሆኖ አነበበው።

«ጓድ ዋኘው» አለ ካድሬው፣ «ነጩ ድንጋይ ዘንድ የሚጠብቅህ ማን ነው?»

ዋኘው ሳቀ። «ጓድ፣ እሱ እኮ ጨዋታ ነው!»

«ከቀርከሃው ጀርባ፣ ሁለቱ ጅረቶች የሚገናኙበት፤ እዚያ አይደለም የምትሻገሩት?»

«የዘንዶዎች መንገድ ነው፣ እሁድ እሁድ ጆንያ ላይ…» ብሎ ማስረዳት ጀመረ። ከካድሬው አፍ የሰማው ግን የራሱን ቃል ነው። ይህን ቃል በሕይወቱ የተናገረው አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ጆሮ ብቻ ነው።

«ፓዌ ብለህ ሱዳን ልትገባ ኖሯል» አለ ካድሬው። ወረቀቱን አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተና ቆለፈው።

ካድሬው አላንገበገበውም፤ ከካድሬ ምን ይጠበቃል? ያንገበገበው ያ ጆሮ ነው። ሐሙስ ዕለት በቆሎው መሐል ቆሞ መኪናው አቧራውን አልብሶት ሲያልፍ አየ። የዝናሽ ከዚያ መኪና ላይ ማን ይወርድ ይሆን ብላ እንደምትሮጥ ያውቃል፤ እሱም ስምንት ወር ሮጧል። ያን ጊዜ አለቀሰ፣ ድምፁን አውጥቶ፣ ማን ያየኛል ሳይል።

ምንውየለት ከጀርባው መጥቶ ቆመ።

«ምን በደልኩህ፣ ምንው?»

አልካደም። ቢክድ ይሻል ነበር።

«ብቻዬን ልትተወኝ ነው» አለ። «ያችን ጎጆ ብቻዬን እንዴት እገባባታለሁ? ለአንድ በጋ ብቻ ያቆዩልኝ ብዬ ነው። የሌለ መንገድ ነው ዋኜ፤ የሌለ መንገድ ማንን ይጎዳል ብዬ።»

ዋኘው ዘጠኝ ቀን ያበረደውን ግንባር አየውና ፊቱን አዞረ።

እሁድ ከሰዓት ጆንያውን እንደ ወትሮው ዘረጋ። ተሻለችና ባቢከር ወሬውን ሰምተዋል፤ ምንውየለት አይመጣም ብለው ነበር። እሱ ግን መጥቶ በቦታው ተቀመጠ፤ ይቅር የተባለ መሰለው። ፊቱ ላይ የታየው ደስታ ያሳፍር ነበር።

ዋኘው መተረክ ጀመረ። ዝናቡ አባራ፣ ጅረቶቹ ጎደሉ፣ ዘንዶዎቹ ነጩን ድንጋይ አገኙት። «እት ተሻለች፣ ያንቺ ዘንዶ ተሻገረች። ባቢከር፣ ያንተም ተሻገረ። ዋሻቸው ገቡ።» ተሻለች ዘንዶዋን አንስታ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረቻት። ባቢከርም የሱን ኪሱ ከተተው።

«የኔስ?» አለ ምንውየለት።

«ያንተ እዚህ ቀረ። ሌሎቹ የተዉት ተራራ፣ ጫካው፣ ወንዙ፣ ሁሉም ያንተ ነው። የሚከለክልህ የለም። አሸንፈሃል።»

ዋኘው አምስቱን ፍሬ መዳፉ ላይ አስቀመጠለትና ተነሣ። ተሻለች ተከተለችው። ባቢከር ምንውየለትን «አላህ ይቅር ይበልህ» አለውና እሱም ሄደ።

ምንውየለት ጆንያው ፊት ተቀምጦ ፍሬዎቹን ወረወረ። ሦስት ጥቁር ወጣ። ምን እንደሆነ የሚነግረው ሰው አልነበረም።