ከድጄና የእበት እሳት

ቡታጅራ ዙሪያ ባለ አንድ የመስቃን መንደር ከድጄ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። በ2002 ዓ.ም. ነው። የበልጉ ዝናብ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። ተራራው ተራቁቶ የማገዶው መንገድ ከዓመት ዓመት ይረዝማል። በዚያ ሰሞን፣ ከእበት የማብሰያ ጋዝ የሚያወጣ ጉድጓድ የሚሠሩ ግንበኞች ሊሠለጥኑ ነው ተባለና ከድጄ ከወንዶቹ ኋላ ተሰለፈች።

መዝጋቢው ቀና ብሎ "የማንን ስም ልጻፍ?" አላት።

"የኔን። ከድጄ ብለህ ጻፍ።"

ሠልጥና ስትመለስ የመጀመሪያውን ጉድጓድ በራሷ ጓሮ ጀመረች። የባሏ ታላቅ ወንድም ሸረፋ ይህን ሲሰማ እየተቆጣ መጣ። መንደሩ ውስጥ ቃሉ የሚከበር ሰው ነው።

"አንቺ ከድጄ! እበቱ የእንሰት ነው። ወንድሜ የተከለውን ልታስርቢ ነው?"

"አላስርበውም፣ ጋሼ። ጋዙን እወስዳለሁ፣ የሚተርፈውን ዝቃጭ ለእንሰቱ እመልሳለሁ።"

"በእበት እሳት የበሰለ ማን ይቀምስልሻል?"

"እኔና ልጆቼ። ዓይኔ በጭስ ሲጠፋ ማንም አልጠየቀኝም። አሁንም ማንንም አላስፈቅድም።"

ድንጋይ ተሸከመች፣ ሲሚንቶ አቦካች፣ ጋዙን የሚይዘውን ጉልላት በገዛ እጇ ገነባች። የአራት ላሞቿን እበት በውሃ በጥብጣ ሞላችውና ሠላሳ ቀን ጠበቀች። የጋዝ ምድጃውን ስትከፍት ግን ክብሪቱ ብቻ ነዶ ጠፋ። ወሬው ገበያ ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም፤ "የከድጄ መቃብር" እያሉ ሳቁባት። ሸረፋም ጉድጓዱን ድፈኚ ብሎ ሰው ላከባት።

"አካፋውን ይዞ ራሱ ይምጣ በለው" አለችው መልእክተኛውን።

ከዚያ ሳሙና በውሃ አረፋ አድርጋ ጋዙን ከጉድጓዱ ወደ ምድጃው የሚያመጣውን ቧንቧ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየቀባች ተከተለችው። የማድ ቤቱ ግድግዳ ሥር፣ መጋጠሚያው ላይ፣ አረፋው ፊኛ ሆኖ ተነፋ። ጋዙ የሚያመልጠው በዚያ ነበር። ፈታ አጥብቃ ገጠመችው። ከአራት ቀን በኋላ ክብሪት ስትጭር ሰማያዊ ነበልባል ቱግ አለ። ጭስ የሚባል የለም።

ጎመን ሠርታ ጎረቤቶቿን ለምሳ ጠራች። ግማሾቹ ቀሩ፣ የመጡትም እያሸተቱ ተቀመጡ። መጀመሪያ የጎረሰችው የሸረፋ ሚስት አሚኔ ናት። ሳህኗን ጨረሰችና ድገሚኝ አለች።

ለአረፋ በዓል አዲስ አበባ የሚኖረው የመንደሩ ሰው ሁሉ በገባበት ሳምንት አሚኔ ከድጄን አስጠርታ፣ ሸረፋ ቆሞ እያየ፣ የጓሮዋን ጥግ አሳየቻት።

"እዚህ ጋ ቆፍሪልኝ።"

"ማን ፈቀደ?" አለ ሸረፋ።

"ማገዶ የምሸከመው እኔ ነኝ" አለች አሚኔ፣ ዞር ብላ ሳታየው። "የእንጨት እሳት የሚወድ እንጨቱን ራሱ ያምጣ።"

ሸረፋም እልኸኛ ነው፤ አመጣ። አሚኔ በአዲሱ ጉድጓዷ ጋዝ ስታበስል፣ እሱ ለራሱ ምግብ የሚሆነውን እንጨት ራሱ እየፈለጠ ሁለት ወር ከረመ። በሦስተኛው ወር መጥረቢያው እንደተሰቀለ ቀረ፣ ለምን እንደሆነም የጠየቀው የለም። ከድጄ ያን ጊዜ ሌላ ጉልላት ልትገነባ ወደ ቡኢ ከተማ ሄዳ ነበር።